ሸማቹን በመኝታ ክፍል ቁጥር አትለኩት

ለአዘጋጁ፣

ስለ አዲስ አበባ ዳር ኮንዶሚኒየሞች ሲወራ ነዋሪው ሁሌም «መካከለኛ ገቢ ያለው» ተብሎ ይታለፋል። ነጋዴውም ይህንኑ አምኖ ይመጣል። እኔ የምኖረው የካ አባዶ ነው። ከብሎካችን ሥር አንድ ሚኒ ማርኬት ተከፍቶ ነበር። ቺዝ፣ የውጭ ብስኩትና ባለ አምስት ሊትር ዘይት ደርድሮ ጠበቀን። ዓመት ሳይሞላው ዘጋ። ባለቤቱ ገበያውን ያሰላው በቤት ስፋት ነበር። ባለ ሦስት መኝታ ከበዛ ገንዘብም ይበዛል ብሎ።

እዚህ ሰፈር ግን ባለ ሦስት መኝታ ማለት ሀብታም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሦስቱም ክፍል ደባል አለበት። ማዕድ ቤቱ አንድ፣ የዘይት ጠርሙሱ ሦስት። ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ልጃቸው ከዱባይ በየወሩ የምትልክላቸው እናት ይኖራሉ፤ ፍሪጃቸው ጢም ያለ ነው። በ20/80 ዕጣ የወጣለት ሰው 20 በመቶውን ቆጥቦ ከፍሏል፤ የቀረውን ለባንክ እየገፋ ነው። ባለቤት ይባል እንጂ ወር ላይ ከተከራዩ ይልቅ የሚቸገረው እሱ ሊሆን ይችላል። ተከራዩም ቢሆን ነገ ዕቃ መጫን እንዳለ ያውቃል። በ2016 የወጣው አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ቢልም፣ ቁም ሳጥን ሲገዛ አሁንም የሚፈታታውን ነው የሚመርጠው።

ሰውን መለየት የፈለገ ነጋዴ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ ይጠይቅ። ጤፍ በኩንታል የሚያስገባ አለ። ገጠር ዘመድ አለው፣ አዲስ ምርት ሲገባ አንዴ ይገዛል፣ መብራት የጠፋ ቀን ሊጡ ይኮመጥጥበታል። ደመወዝ ሲወጣ አምስት ኪሎ ዱቄት የሚገዛ አለ። እንጀራ በቁጥር በፌስታል ይዞ የሚገባም አለ። ይሄኛው ደሃ ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ባልና ሚስት ሁለቱም ሠራተኞች ሆነው፣ መገናኛ ታክሲ ሲጠብቁ አምሽተው፣ ማን ይጋግር?

ከመሃል ከተማ በልማት ተነስተው የመጡ ጎረቤቶችም አሉን። በድሮ ሰፈራቸው ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ነበራቸው። እዚህ ስማቸውን የሚያውቅ ባለሱቅ የለም። የእሁድ ገበያው ዋጋው ደህና ነው፤ ግን እጅ በእጅ ነው። ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ቅናሹ ምን ይጠቅመዋል?

በራችን ላይ ጉሊት የምትሸጥ ሴት አለች። ሳልሳ በማንኪያ በላስቲክ ቋጥራ ትሰጣለች፤ ዘይት በሲኒ ትለካለች። በኪሎ ቢሰላ ከሁሉም የምታስወድደው እሷ ናት። ሆኖም ማታ ማታ ፊቷ ሰው አይጠፋም። ደንበኛው ያለውን ያህል ትሸጥለታለች፤ ከጎደለውም «ነገ ታመጣለህ» ትለዋለች። ከተዘጋው ሚኒ ማርኬት ይልቅ ሰፈሩን የምታውቀው እሷ ነች።

የሸማቾች ማኅበራት ከዚህች ሴት ቢማሩ ደስ ይለኛል። ሱቃቸው ሠራተኛው ከሥራ ሳይመለስ ይዘጋል። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይክፈቱ። ዘይት በግማሽ ሊትር፣ ዱቄት በኪሎ ያቅርቡ። ለአባሎቻቸውም ደመወዝ እስኪወጣ የሚቆይ መዝገብ ይያዙ።

ጋዜጠኞቻችሁም ሰፈራችንን ለመዘገብ ሲመጡ ከሰዓት በፊት ባይሆን እመርጣለሁ። ያኔ የምታገኙት ሕፃናትን፣ ጡረተኞችንና ደላሎችን ነው። ሸማቹ የሚገባው ከመሸ በኋላ ነው።

ከየካ አባዶ ነዋሪ