ሮጠን ያለፍናቸው እናቶች

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ እኅቴ ሰብለ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እትዬ አስካለስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ስልክሽን ሳላነሳ፣ መልእክትሽን ሳልመልስ አንድ ዓመት ተኩል አለፈ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ዝም ያልኩሽ ትክክል ስለነበርሽ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት መመዝገቤን በስልክ ነገርኩሽ። በሳምንት 80 ኪሎ ሜትር እንደምሮጥም በኩራት አከልኩበት። አንቺ ትንሽ ዝም ካልሽ በኋላ «ምን ተሸክመሽ?» አልሽኝ። «ምንም» አልኩሽ። «እንግዲያው የተዘጋጀሽው ለውድድር እንጂ ለወታደርነት አይደለም» አልሽኝ። ተቀይሜሽ ስልኩን ዘጋሁ።

በሚያዝያ የግራ እግሬ ቅልጥም ተሰነጠቀ።

አልወደቅሁም፣ አልተጋጨሁም። መጀመሪያ ሕመሙ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ሦስተኛው ላይ፤ ከዚያ ደረጃ ስወጣ፤ በመጨረሻ ሌሊት አልጋዬ ላይ። ሐኪሟ በአንድ ጣቷ ስትጫነኝ ሳንቲም የምታክል ቦታ ላይ ጮኽኩ። ኤክስሬዩ ምንም አላሳየም ነበር፤ ስንጥቁን ያወጣው ኤም አር አይ ነው። ያስረዳችኝን አልረሳውም፦ አጥንት ሸክም ሲበዛበት ራሱን ያድሳል፤ ግን መጀመሪያ አሮጌውን አፍርሶ ነው አዲሱን የሚሠራው። መፍረሱ ፈጣን ነው፣ መሠራቱ ዝግተኛ። እኔ ደግሞ በዚያው ጊዜ እየጾምኩ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሌሊት እየሠራሁ፣ ቀን አራት ሰዓት እየተኛሁ በየሳምንቱ ኪሎ ሜትር እጨምር ነበር። ደሜ ሲመረመር ብረቱ ወርዶ ተገኘ። አጥንቴ በምን ይሠራ? ስድስት ሳምንት በምርኩዝ ሄድኩ፤ ወደ ሥልጠና የምገባበት ቀንም ተሰረዘ። ያን ጊዜ ልደውልልሽ ስልኩን ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት እኔ አውቃለሁ።

ያን ሁሉ ሩጫ ለምን እንደመረጥኩ አሁን ይገባኛል። ያደግንበት ነገር ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ወርቁን ያጠለቀው ማሞ ወልዴም ከዚያው ክፍል ነው። ጃንሜዳ ላይ አጥር ይዘን የመከላከያ ክለብ ሯጮችን ስናይ ያደግን ልጆች ነን። በልባችን ወታደርና ሯጭ አንድ ሰው ሆነው ተቀምጠዋል። እዚህም መንደር ያለው ሐበሻ ሁሉ «አንቺ ኢትዮጵያዊት አይደለሽ? ሩጫው እንደሆነ በደምሽ ነው» ይለኝ ነበር፤ እኔም አመንኩ።

እግሬ ከዳነ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። አንድ ጂም ገብቼ፣ በሰዓት ቆጣሪ እየተጣደፉ በቡድን ክብደት የሚያነሱበትን ሥልጠና ጀመርኩ። ሁለት ወር ቆየሁ። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ ነገር ግን ጀማሪዋንም አሥር ዓመት የሠራውንም በአንድ ፍጥነት የሚያስኬድ ነገር ለእኔ አልሆነም፤ ትከሻዬ ሲያመኝ ተውኩት።

ከዚያ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፦ የጦሩን የአካል ብቃት ፈተና ራሱን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ አምስት ክፍል ነው ያለው፤ በእያንዳንዱ ከመቶ ቢያንስ 60 ነጥብ ይጠበቃል። መጀመሪያ ከባድ ብረት ከመሬት ሦስት ጊዜ ማንሳት። ቀጥሎ ለሁለት ደቂቃ ፑሽ አፕ፣ በየአንዳንዱ ደረት መሬት ነክቶ እጅ ከመሬት እየተነሳ። ሦስተኛው በ50 ሜትር የተከፈለ አምስት ዙር ነው፦ መሮጥ፣ 41 ኪሎ ያህል ሸክም ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መጎተት፣ በጎን መሮጥ፣ በየእጁ 18 ኪሎ ይዞ መሮጥ፣ እንደገና መሮጥ። አራተኛው ፕላንክ፣ በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት። እኔ ሕይወቴን ሁሉ የተዘጋጀሁበት ሩጫ፣ ያውም 3.2 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ክንድና ጭን ካለቁ በኋላ።

የሚጎተተውን ሸክም መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን ከቦታው አልነቃነቅ አለኝ። ሳምባዬ ገና ምንም አልደከመም ነበር፤ ጉልበት ነው የጠፋው። ያ ሸክም የቆሰለ ሰው ምሳሌ ነው። እኔ ደግሞ የምሄደው ለሕክምና ረዳትነት ነው። በሥራዬ በየሌሊቱ አረጋውያንን ከአልጋ ወደ ወንበር አነሳለሁ፤ የሰው አካል ራሱን ሲለቅ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። የማልጎትተውን ሰው እንዴት አክመዋለሁ?

ሰብለ፣ በዚያ ቀን ትዝ ያሉኝ የእንጦጦ እናቶች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከማርያም ቁልቁል ስንሮጥ፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ከቁመታቸው በላይ አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ ጨብጠው የሚወርዱት። «እናቶች፣ መንገድ!» እያልን ነበር የምናልፋቸው። በዚያ ተራራ ላይ ብርቱዎቹ እኛ የሆንን ይመስለኝ ነበር። ሸክማቸውን ማሞገሴ አይደለም፤ ችግር የጫነው ሸክም መጠንም ዕረፍትም የለውም፣ ወገብ ይሰብራል። ነገር ግን አንዳቸውንም ቀና ብዬ አይቼ «ይህ እንዴት ይቻላል?» ብዬ አለመጠየቄ ይቆጨኛል።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ሰኞና ሐሙስ ክብደት አነሳለሁ፤ የአነሳሴ ቅርጽ ሲበላሽ አቆማለሁ። ማክሰኞ አጭር የፍጥነት ሩጫ፣ ዓርብ ቀለል ያለ ረጅም። ሁለቱ ተደምረው በሳምንት ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጡም፤ ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ልቤ ይሰጋል፣ ግን የሩጫ ሰዓቴ አልተበላሸም። ቅዳሜ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ቦርሳ አዝዬ በፍጥነት እራመዳለሁ። በ7 ኪሎ ጀመርኩ፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ኪሎ እየጨመርኩ 14 ደርሻለሁ። እሑድ ቅዳሴ፣ ምግብና እንቅልፍ። የንስሐ አባቴም ጉዳቴን ሰምተው ጾሙን አቅልለውልኛል።

ረቡዕን ለመጨረሻ ያቆየሁት ደስ ስለሚልሽ ነው። ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ። የእስራኤል ሐኪሞች በእግረኛ ጦር ምልምሎች ላይ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ሐኪሜ ነገረችኝ፦ ከመግባታቸው በፊት ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንደ ቅርጫት ኳስ ያለ የኳስ ጨዋታ ያዘወተሩት፣ በአጥንት ስንጥቅ የተጎዱት ካላዘወተሩት በጣም ባነሰ ቁጥር ነው። ቀድሞ መሮጥ ግን ያን ጥቅም አልሰጠም። አጥንት ዝላይን፣ ድንገት መዞርን፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣን ጫና ይወዳል፤ ሩጫ ደግሞ ያንኑ አንድ እርምጃ ሺህ ጊዜ መድገም ነው። ይህን ስሰማ ሱዚ ታወሰኝ። ሰኞ ማክሰኞ ታወሰኝ። በአንድ እግር እየዘለልን ጠጠር ስንገፋ የዋልንበት ግቢ! ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው፤ በተለይ ለሴቶቹ። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲሆን በሩጫ ብቻ አታድክሚያቸው፣ ዝላይም አሠሪያቸው።

በየካቲት ወደ ሳውዝ ካሮላይና፣ ፎርት ጃክሰን እሄዳለሁ። መሠረታዊ ሥልጠናው አሥር ሳምንት ነው፤ ስልክ ብዙውን ጊዜ በእጃችን አይኖርም፣ ደብዳቤ ግን ይደርሳል። አድራሻውን ስገባ እልክልሻለሁ። ያለ አንቺ ደብዳቤ አሥር ሳምንት አያልፍልኝም።

እስከዚያ አንድ ነገር እርጂኝ፤ ሌላ የማምነው አሠልጣኝ የለኝም። ብረት ይዤ ቁጢጥ ብዬ ስነሳ የግራ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የቀኙ ደኅና ነው። ከተሰነጠቀው ቅልጥም የመጣ ይሁን ወይስ ዳሌዬ ደክሞ ይሁን አላወቅሁም። ቪዲዮ ቀርጬ ነገ እልክልሻለሁ። ክብደቱን ልቀንስ ወይስ በአንድ እግር የሚሠራ ልጀምር? እንደ ድሮው ሳትራሪ ንገሪኝ፤ ዘንድሮ ስልኩን አልዘጋብሽም።

የምትወድሽ እኅትሽ
ቤተልሔም