አባዬ፣ አበበ የሮጠበትን መንገድ ሄድኩበት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እማዬ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ስናወራ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እኔም ሁሌ እቸኩላለሁ። ይሄን ግን በጥድፊያ ልነግርህ አልፈለግኩም። ሚጡ ቀስ ብላ ታንብብልህ።

ሮም ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሮምን ያየኋት ግን ባለፈው እሑድ ነው። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ የምንከባከባቸው ሴትዮ ሌሊትም ይነሳሉ። ዕረፍቴ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሐሙስ ተርሚኒ ሄጄ ከሐበሾች ጋር ቡና እጠጣለሁ፣ ብር እልካለሁ፣ እመለሳለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እንቅልፍ ነው። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች በነፃ እንደሚከፈቱ ጓደኛዬ ስትነግረኝ ግን በጠዋት ተነስቼ ወጣሁ። እማዬ እንዳትቀየመኝ፤ ቅዳሴ የቀረሁት ያን አንድ ቀን ብቻ ነው።

የጀመርኩት ከዚያው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነው። ጣቢያው ፊት ያለው ትልቁ አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሉህ? በፈረንጆቹ 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ስንቀጣጠር ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ትንሽ እልፍ ስትል የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ። በወረራው ጊዜ ከለገሃር ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት እዚያ ነበር። ጀግናው ዘርዓይ ደረስ በፈረንጆቹ 1938 በጣሊያኖች ላይ ጎራዴውን የመዘዘውም እዚያው ነው። አንበሳችን ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ አሁን ቦታው ላይ ሰዎች ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ። እኔ ግን ቆሜ ተሳለምኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆምኩ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ ኮሎሲየም የሚባለው የጥንት ሮማውያን ስታዲየም ገባሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። በፈረንጆቹ 80 ዓመተ ምሕረት የተመረቀ ነው፤ ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር ይላሉ። መሃሉ ላይ ወለሉ ስለተነሳ ከሥር ያለው ጠባብ ጠባብ መተላለፊያ ይታያል። አውሬውንም ሰውንም እዚያ ጨለማ ውስጥ አቆይተው ነው ወደ ላይ የሚያወጧቸው። ግንበኞቹን አደነቅኩ። ግን አባዬ፣ ሰው ሲገደል ለማየት የተሠራ ቤት ነውና ብዙ መቆየት አልቻልኩም።

ፓንቴዮን የሚባለውን የጥንት ቤተ መቅደስ ብታየው ግን ደስ ይልህ ነበር፤ አንተ ግንብ ስትሠራ ስላደግኩ ነው መሰለኝ፣ ከሁሉም እሱ ገረመኝ። ጣሪያው ክብ ነው፤ ስፋቱም ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ቁመቱም እኩል 43 ሜትር ያህል ነው። ብረት የሌለው ኮንክሪት ነው፣ ወደ 1,900 ዓመት ሊሆነው ነው። አናቱ ላይ ዘጠኝ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ቀዳዳ አለ፤ መስታወት የለውም፣ ክፍት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ድረስ ይገባል። ወለሉን ጎንበስ ብዬ ሳየው ውኃው የሚሄድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አገኘሁ። ወለሉ ትንሽ ጎበጥ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ውኃው ወደ ዳር ይወርዳል። አንተ «ውኃ መውጫውን ያላሰበ ግንበኛ ቤት አይሥራ» ስትል ትዝ አለኝ።

ትሬቪ ምንጭንም አየሁ። ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሳንቲም ይወረውራል፤ የወረወረ ወደ ሮም ይመለሳል ይባላል። ሳንቲሙ ተሰብስቦ ለችግረኞች መርጃ ነው የሚውለው። እኔም አውጥቼ ነበር። ግን እኔ መመለስ የምፈልገው ወደ እናንተ ነው። እዚያ ዳር ለነበሩ አንዲት እናት ሰጠኋቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ልጆች ሆነን ማታ ማታ የምትነግረን የአበበ ቢቂላ ታሪክ ነው ያን ቀን ከአልጋ ያስነሳኝ። በባዶ እግሩ፣ በጨለማ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን እያበሩለት። ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ከአበባዮሽ በላይ ስለ አበበ ያወራ እንደነበር ትነግረን ነበር። መንገዱን በእግሬ ልሂድበት ብዬ በአውቶቡስ ወደ ጥንቱ የአፒያ መንገድ ወጣሁ።

መንገዱ እሑድ ለእግረኛ ነው። ግራና ቀኙ ረጃጅም ጥድ ነው። ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ እንደ ትልቅ ድፎ ዳቦ ጎበጥ ጎበጥ ያለ፣ በመሃሉ ክፍተት ያለው። አንዳንዱ ላይ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው መስመር ይታያል። ጫማዬን አውልቄ ቆምኩበት። አባዬ፣ ያማል። ጠርዙ እግር ውስጥ ይገባል። ጥቂት እርምጃ ሄጄ ጫማዬን አጠለቅኩ። አበበ ሲሮጥ አብዛኛው መንገድ አስፋልት እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ፣ በጨለማ፣ በዚህ በኩል ማለፉን ሳስበው እንባዬ መጣ።

ከዚያ በጥንቱ የከተማ በር ገብቼ ቁልቁል ሄድኩ፤ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት ወደነበረው አደባባይ ደረስኩ። ከፊቱ ያለው ትልቁ ሕንፃ የተጀመረው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ተብሎ ነበር፣ አሁን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው። 24 ሜትር የሚረዝመውን ሐውልታችንን በፈረንጆቹ 1937 በቁርጥራጭ አምጥተው እዚያ አቆሙት። በፈረንጆቹ 1947 በተፈረመው የሰላም ውል የዘረፉትን በ18 ወር ውስጥ ሊመልሱ ቃል ገብተው ነበር። የመለሱት በፈረንጆቹ 2005 ነው። አክሱም ላይ ቆሞ በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ሲመረቅ በቴሌቪዥን እያየህ ነጠላህን ዓይንህ ላይ ስታደርግ አይቼሃለሁ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አሁን እዚያ መኪና ይርመሰመሳል፣ ለሌላ መታሰቢያ የተተከሉ ሁለት አሮጌ ዓምዶች አሉ። ባዶ ቦታ አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አበበ ግን የሮጠው ሐውልቱ ገና እዚያ እያለ ነው። ከውድድሩ በፊት መንገዱን ሲያዩ ሐውልቱን ምልክት አድርጎ ይዞ ነበር፤ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ቆይቶ፣ እዚያ አካባቢ ሲደርስ ፈተለከ። በ25 ሰከንድ ቀደመው። ሁለት ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ምርጥ ሰዓት። ከሐውልቱ እስከ መጨረሻው መስመር ያለውን በዝግታ ሄድኩት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ግንቡ ላይ የአበበ መታሰቢያ ጽሑፍ ተለጥፏል። አቧራ ነበረበት፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

የጨረሰው ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። ለእማዬ ንገራት፤ የንግሥት እሌኒ ልጅ ቆስጠንጢኖስ ነው፣ በመስቀል የምታነሳት የእሌኒ። እዚያ ጥግ ቁጭ ብዬ የያዝኩትን ዳቦ በላሁ። መሸና መብራቱ በራ። ሴትዮዋ እንዳይጠብቁኝ ብዬ ተነሳሁ እንጂ ማደር አምሮኝ ነበር።

መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ። ገንዘቡን ሐሙስ እልካለሁ፣ ለጉልበትህ የሚሆን ቅባትም ከሚመጣ ሰው ጋር ይደርስሃል። ፎቶውን ለሚጡ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ ጎላ አድርጋ ታሳይህ። በቅስቱ መሃል አሻግረህ ስታይ የሚታየው መንገድ ነው፤ አበበ የመጣው ከዚያ ነው።

ልጅህ፣ ከሮም