የዓሣ ማጥመድ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በሴንት ፖል የሚገኘው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የዓሣ ማጥመድ ክበብ ለምን እንዳስፈለገው በየወላጆች ስብሰባው ስለምጠየቅ፣ የዘንድሮውን ዘገባ የማቀርበው መልሱንም አብሬ ይዤ ነው። በበረዶው ወራት ክር ማሰርንና የሚኒሶታን ሕግ ተማርን፤ በክፍት ውሃ አንድ ሰው ከአንድ ክር በላይ መጣል እንደማይፈቀድለት ልጆቹ ከወላጆቻቸው የተሻለ ያውቃሉ።

ዋናው ሥራ የተጀመረው በግንቦት፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የግዛቱ ይፋዊ መለያ ዓሣ የሆነውን ዎልአይን ማጥመድ ሲፈቀድ ነው። ዎልአይ በረዶው ቀልጦ እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ጠጠርና ድንጋይ ካለበት ዳርቻ ብዙም አይርቅም፤ ሲመሽ ደግሞ ትንንሽ ዓሣ ፍለጋ ይበልጥ ወደ ዳር ስለሚጠጋ እንደኛ ጀልባ የሌለውም ይደርስበታል። ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማታለያ እየወረወሩ በዝግታ፣ አልፎ አልፎም ቆም እያሉ ሳቡ፤ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ዓሣው ፈጣን ነገር አያሳድድም። ትንንሾቹ አልቅት የተሰካበትን መንጠቆ ከሐይቁ ወለል አንድ ጫማ ያህል ከፍ አድርገው መብራት ባለው ተንሳፋፊ አንጠለጠሉ። ውሃው ላይ ባትሪ ማብራትና ድንጋዩ ላይ መሯሯጥ ክልክል ነበር። ሁለተኛው ክልከላ ብዙም አልተከበረም።

አንድ ምሽት የአንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ተንሳፋፊ መብራቱን ይዞ ሰመጠ። ልጅቷ እንደተማረችው ወዲያው ሳትጎትት ክሩ እስኪወጠር ጠብቃ ዘንጉን አነሣች። ዓሣው ወጥቶ ባትሪ ሲበራበት ዓይኖቹ አበሩ። ሊወስዷት የመጡት አያቷ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደጉ፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚያውቁ ሰው ናቸውና፣ «ምን ዓይነት ዓይን ነው ይሄ ልጄ?» አሉ። በክፍል ስጠይቃት በአንድ ቃል የምትመልስልኝ ይህች ልጅ፣ ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን እንዳለው፣ በጨለማም ከሚያድናቸው ዓሣዎች አብልጦ የሚያየው በዚህ ምክንያት እንደሆነ በአማርኛ አስረዳቻቸው። መሐል ላይ ቃል ሲጠፋት አያቷ ከአፏ አልነጠቁም፤ ጠበቁ፤ እሷም ፈልጋ አገኘችው። ዓሣ ከአማርኛ ትምህርት ጋር ምን እንዳገናኘው ለሚጠይቁኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

በርካታ ምሽቶች ባዶ እጃችንን ተመልሰናል፤ አንዱንም ጉዞ መብረቅ አሰርዞብናል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለሁሉም ስለማይዳረስ ግን ልጆች ተራ እየጠበቁ ዳር መቆማቸው የአየር ጠባይ ጥፋት አይደለም። ለዓመት በዓል ድንኳን ከሚወጣው ሩቡ ቢሰጠን ጃኬቱ ይሟላል፤ የእርሳስ ክብደቶቻችንንም፣ ሉን የተባለውን የውሃ ወፍ ስለሚመርዙ፣ በሌላ ብረት እንተካለን። ገንዘቡ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቢደርሰን ለመጪው የማጥመጃ ወቅት መክፈቻ እንዘጋጃለን፤ ጀልባ ያላችሁ ወላጆችም ብታነጋግሩኝ ደስ ይለኛል።