ጌትዌዩን ከቦርድ ውስጥ ለምን እንዳወጣነው

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልክ ባነሳሁ ቁጥር የምሰማው ስለ ጌትዌይ፣ መብራቶቻችሁን በስልክ እንድታዝዙ ስለሚያገናኘው ሳጥን፣ ቅሬታ ነው። "በአንድ ጌትዌይ ተስማምተን የሁለት አስከፈላችሁን" ያላችሁ አላችሁ። "ኮርኒሱን ቀድዳችሁ ጠፋችሁ" ያላችሁም አላችሁ። ሥራው ስለተጓተተና አስቀድመን ስላልነገርናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን በደንብ አስበንበት ነው የወሰንነው። እባካችሁ ስሙኝ።

ድሮ ጌትዌዩን ምድር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ቦርድ ውስጥ አስረን፣ ከሕንፃው ዋይፋይ ጋር አገናኝተን እንወጣ ነበር። በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። አንድ ቀን አራት ኪሎ ካለ ሕንፃ ተደወለልኝ። የኮሪደሩ መብራት በስልክ ሲታዘዝ አይሰማም። ሄድኩና ቦርዱን ከፈትኩት። መብራቱ ታዘዘ። ስዘጋው እምቢ አለ። ልጆቹ ከላይ ሆነው "በራ!"፣ "አሁን ደግሞ አልሰማም!" ይሉኛል። ለካ የቦርዱ ብረት ሲግናሉን አፍኖታል። ያሰርኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዋይፋዩም የራሱ ጣጣ አለው። የምንገጥማቸው መብራቶች የሚነጋገሩት ዚግቢ በሚባል ገመድ አልባ ግንኙነት ነው። ዚግቢ ደግሞ እንደ አብዛኛው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። በየቢሮው ራውተር ባለበት ሕንፃ ይረባበሻሉ። አንዱ ፓስወርድ ሲቀይር ደግሞ ጌትዌዩ ከመስመር ይወጣል።

ስለዚህ አሁን ከብረት አርቀን፣ ኮርኒስ ላይ፣ መብራቶቹ መሃል እንሰቅለዋለን። ከኔትወርክ ስዊቹ፣ ኔትወርኩን በኬብል ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ የራሱን ኬብል እንስብለታለን፤ ኤሌክትሪኩንም በዚያው ኬብል ያገኛል። ኬብሉ ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት ከሆነ፣ ወይም ሕንፃው ሰፊ ከሆነ፣ ሁለተኛ ጌትዌይ ግድ ይላል። ከዚያ መብራቶቹን አንድ በአንድ ጌትዌዩ ላይ እናስመዘግባለን። ቀናት የሚወስደው ይሄ ነው። መብራቶቹ መልእክት የሚቀባበሉት እርስ በርስ ስለሆነ፣ አንዱ ኤሌክትሪክ ሲያጣ የሌላውም መልእክት ሊቋረጥ ይችላል፤ ስለዚህ ጥበቃዎቹ ማታ ማታ ብሬከር እንዳያወርዱ አደራ ንገሩልን።

ስለ ዋጋው ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። ያኔ በሰጠነው ፕሮፎርማ ከስረን የጨረስነው ሥራ አለ። አንድም ሰው አልጠየቅንም። አሁን "ገንዘብ ወደዱ" ስንባል ልቤ ያዝናል።

ከ18 ዓመት በፊት ፒያሳ፣ ሁለት ሰው በማታስቆም ሱቅ፣ ሶኬትና አምፖል ስንሸጥ ነው የተዋወቅነው። ያቺ ሱቅ ስትፈርስ ካርቶን ተሸክማችሁ ያገዛችሁን አላችሁ። ያን መቼም አልረሳም። ለእናንተ የማይሠራ ነገር ገጥሜ ብር መቀበል የማልችለውም ለዚህ ነው።

ቦርድ ውስጥ ያሰርንላችሁን ጌትዌይ ሁሉ የእጅ ዋጋ ሳናስከፍል እናወጣለን። ኬብሉን በገዛንበት ዋጋ እናስባለን። የቀደድነውን ኮርኒስም እኛው እንደፍናለን። ሂሳቡ የከበደው ለሁለት ጊዜ ከፋፍሎ መክፈል ይችላል። ብቻ ሌላ ባለሙያ ጠርታችሁ ጌትዌዩን ወደ ቦርዱ ከማስመለሳችሁ በፊት ደውሉልኝ። ራሴ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት