«የአቪዬሽን እንግሊዝኛ» ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ተማሪዎቼ ደጋግመው አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ከተማው ውስጥ «የአቪዬሽን እንግሊዝኛ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። በጥቂት ወራት ተምራችሁ ሰርተፍኬት ትይዛላችሁ፣ ከዚያ በቀጥታ አየር መንገድ ትገባላችሁ ይላል። «ቲቸር፣ ልመዝገብ?» ይሉኛል። ማን እንደለጠፈው አልናገርም። ግን ወላጅ ጤፉን ሸጦ ሊከፍል ሲነሳ እያየሁ ዝም ማለት ከበደኝ።

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ። ኢካኦ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የቋንቋ ደረጃ ያወጣው በራዲዮ ለሚነጋገሩ ሰዎች ነው። አብራሪ፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ፣ የአየር ራዲዮ ጣቢያ ሠራተኛ። ሆስተስ መሆን የምትፈልግ ልጅ በዚህ ፈተና አትገደድም። ትኬት ቢሮ የሚሠራውም እንደዚያው። እነሱም እንግሊዝኛ ያስፈልጋቸዋል፤ ግን የሚያስፈልጋቸው ከመንገደኛ ጋር የሚያግባባ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ አጭቆ መሸጥ ነውር ነው።

የኢካኦ ደረጃ ከ1 እስከ 6 ነው። በዓለም አቀፍ በረራ ለመሥራት ቢያንስ 4 ያስፈልጋል። የሚታየው ስድስት ነገር ነው፦ የድምፅ አወጣጥ፣ ሰዋስው፣ ቃላት፣ ሳይደናቀፉ መናገር፣ መረዳት፣ ተቀባብሎ ማውራት። ጽሑፍ የለበትም። ውጤቱ ደግሞ በአማካይ አይሠራም። በአምስቱ 5 አምጥቶ በመረዳት 3 ያገኘ ሰው ደረጃው 3 ነው። አለፈ ተብሎ የሚተወውም ጥቂት ነው። ደረጃ 4 ያለው በየ3 ዓመቱ፣ 5 ያለው በየ6 ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል።

የእኛ ልጆች ችግር እዚህ ጋ ነው። ሰዋስው ላይ ጎበዞች ናቸው። ትክክለኛውን መልስ ምረጥ በላቸው፣ አይስቱም። አዳምጡና የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩኝ ስላቸው ግን ይተያያሉ። ራዲዮ ላይ ደግሞ የተናጋሪው ፊት አይታይም። ሞተር ይጮኻል፣ መሐል ላይ ሌላ ሰው ይገባል፤ ተናጋሪው ሕንዳዊ ወይም ፈረንሳዊ ሊሆን ይችላል። ተቆጣጣሪው ከፍታ ሲሰጥ አብራሪው የተባለውን መልሶ ይደግማል። ተቆጣጣሪው ያንን አዳምጦ ስህተት ካለ ወዲያው ያርማል። ለጎጃም ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ዜማ ቤት ቀለም የሚቀጽል ተማሪ የኔታ ያሉትን መልሶ ይላል፤ አንዲት ቃል ከገደፈ እዚያው ይታረማል።

በአነጋገራቸው ለሚሳቅባቸውም አንድ ነገር ልበል። ኢካኦ የእንግሊዞችን ምላስ አይጠይቅም። የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ቢሰማም ንግግራችሁ ከገባ ይበቃል። እንዲያውም የእንግሊዝኛው ሦስት ቁጥር (three) በራዲዮ የ«th» ድምፁ ቀርቶ «ትሪ» ተብሎ ነው የሚጠራው። ክፍል ውስጥ የሚሳቅበት የቢቸና ልጅ እዚህ ላይ ልክ ነው!

አንዳንዱ ኮርስ የራዲዮ ሐረጎችን በቃል አስጠንቶ ያበቃል። ሐረጎቹ ግዴታ ናቸው፣ አልቃወምም። ነገር ግን የሚበቁት ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ነው። ባሕር ዳር ላይ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የሆነውን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ወደ አስመራ የተነሳው ቦይንግ 737 እርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገቡበት። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። አደጋውን ያመጣው ቋንቋ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ግን የሆነውን በራስ ቃል፣ በአጭሩ፣ ሳይርበተበቱ ማስረዳት የግድ ነው። ይህን በቃል የተጠና ሐረግ አይሸፍነውም።

ቋንቋው ራሱ ሰው ያስጨረሰበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1990 አንድ የኮሎምቢያ አውሮፕላን ኒው ዮርክ አጠገብ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 73 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ ነዳጃችን እያለቀ ነው ብለው ነበር። አስቸኳይ አደጋ ላይ ነን ብለው ግን በደንቡ አላወጁም። ተቆጣጣሪዎቹም የነገሩን ክብደት አልተረዱትም። ኢካኦ ደረጃዎቹን ያወጣው ከዚህ ዓይነት አደጋዎች ተምሮ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። አስተማሪው በራዲዮ ሠርቶ ያውቃል? ፈተናውን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይቀበለዋል? በሳምንት ስንት ሰዓት ማዳመጥ አለ? መልሱ ከተድበሰበሰ ጤፉን አትሽጡ። ባለሥልጣኑም ለየትኛው ሙያ ምን ዓይነት ፈተና እንደሚጠየቅ በአማርኛ አንድ ገጽ አውጥቶ ለየትምህርት ቤቱ ቢልክ ብዙ ሰው ከመታለል ይድናል።

ለትምህርት መምሪያዎችም ጥያቄ አለኝ። የእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ላይ የማዳመጥ ክፍል አለ። ብሔራዊ ፈተና ላይ ስለማይመጣና ክፍሉ በተማሪ ስለሚጨናነቅ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በየትምህርት ቤቱ ከሚያዘው 100 ማርክ 10ሩን ለማዳመጥ ስጡት። ስፒከር ባይኖር መምህሩ ራሱ ያነባል። ከሚቀጥለው መንፈቅ መጀመር ይቻላል።

መምህሩ፣ ከደብረ ማርቆስ