ጊዜ የለኝም ላልኩሽ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብረ ብርሃን ሳለን፣ ልጆቻቸው ውትድርና ለሄዱባቸው ጎረቤቶች ደብዳቤ ስንጽፍ ይህች ሰላምታ ብቻዋን ግማሽ ገጽ ትሞላልን ነበር። ዛሬ ግን ከእርሷ ጀርባ ልደበቅ አልፈልግም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዝም ብዬሻለሁ። እናትሽ እማማ ሲያርፉ አልደወልኩልሽም።

መርዶውን የሰማሁት የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሥራ ላይ ነው። ጠዋት ረጋ ብዬ እደውላለሁ አልኩ። ጠዋት ደክሞኝ ተኛሁ። በማግሥቱ፣ በለቅሶ ቤት ግርግር መካከል እንዴት ታነጋግረኛለች አልኩ። ሠልስቱ አለፈ፤ አርባው አለፈ። ከአርባው በኋላ ደግሞ “እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?” ብትዪኝ የምመልሰው ስላልነበረኝ ሙት ዓመቱን መጠበቅ ጀመርኩ፤ እርሱም አለፈ። በመካከሉ “አለሽ ወይ?” ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። “ጊዜ አጥቼ ነው፣ ሰሞኑን እደውላለሁ” አልኩሽ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ አንቺንም ያጽናሽ። ይህን ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ ደግሞ ይብስ ትናደጃለሽ። ግን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ያች ጊዜ ያጣችው ሴትዮ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በሳምንት አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም አሥራ አራት ሰዓት ስትዋኝ፣ ብስክሌት ስትነዳና ስትሮጥ ከርማለች። በሰኔ እዚሁ ፍራንክፈርት ለሚደረገው የረጅም ርቀት ትራያትሎን ተመዝግቤአለሁ። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በላዩ ላይ 42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ ተያይዞ፣ በ15 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ።

በምናውቀው መንገድ ልለካልሽ። ከዋናው እንደወጣሽ አዲስ አበባ ላይ ብስክሌት ትይዣለሽ፤ ደብረ ብርሃንን አልፈሽ ጣርማ በር ገደማ ስትደርሺ ትወርጃለሽ፤ ጫማ ቀይረሽ በእግርሽ ወደ ሸዋ ሮቢት ትሮጫለሽ። “ማን አባረራት?” እንደምትዪ አውቃለሁ። እናቴም ያለችው ይህንኑ ነው።

አጀማመሩም የሚያስቅ ነው። ሃዋይ ውስጥ፣ በአንድ የሩጫ ውድድር ሽልማት ላይ ሯጭ ይበረታል፣ የለም ዋናተኛ ይበረታል እየተባለ ሲከራከሩ፣ ጆን ኮሊንስ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን በደሴቲቱ ያሉትን ሦስት ውድድሮች አያይዘን እንየው አለ። በየካቲት 1970 ዓ.ም. 15 ወንዶች ጀመሩ፤ 12 ጨረሱ። በዓመቱ ሊን ለሜር የምትባል ሴት ገብታ ወንዶቹ መሀል አምስተኛ ወጣች። ጠጅ ቤት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በማግሥቱ ይረሳ ነበር።

እኔን ያስገባችኝ ልጄ ናት። እዚህ አገር ትንንሽ ልጆች ዋና ይማሩና 25 ሜትር ዋኝተው፣ ከገንዳው ወለል አንድ ዕቃ ጠልቀው ካወጡ የባሕር ፈረስ ሥዕል ያለበት ቁራጭ ጨርቅ ያገኛሉ። እናቶች ዋና ልብሳቸው ላይ ይሰፉላቸዋል። የእርሷን ስሰፋ “ያንቺስ የታለ?” አለችኝ። የእኔማ በሬሳ ወንዝ ቀረ። ክረምት በሬሳ ሲሞላ “ውሃ ልጅ ይወስዳል” እየተባልን አልነበር ያደግነው? ያን ቀን እማማ የቀሚሳችን ጠርዝ እርጥብ መሆኑን አይተው ሁለታችንንም በአንድ አርጩሜ የገረፉን ትዝ ይልሻል? አንቺ ሳይነኩሽ ጮኽሽ፤ እኔ ተመትቼ ዝም አልኩ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ውሃው አገጬ ሲደርስ ጉልበቴን ያንቀጠቀጠው ያ አርጩሜ ሳይሆን አይቀርም።

ያስተማረችኝ ፖላንዳዊት ጡረተኛ ናት። የመጀመሪያውን ቀን መዋኘት የሚባል ነገር አልነበረም። ጥልቀት በሌለው በኩል አስቀምጣ ፊቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ እንዳንጎራጉር አዘዘችኝ። ጀማሪ የሚታፈነው አየር አንሶት ሳይሆን የሳበውን አምቆ ስለሚይዝ ነው፤ የሚያንጎራጉር ሰው ግን ሳያስበው ያስወጣል። ከዜማ ሁሉ የመጣልኝ ልጄን ያስተኛሁበት እሹሩሩ ነው። እስቲ አስቢው፤ አዛውንቶች በዝግታ እየዋኙ በሚያልፉበት ገንዳ ጥግ አንዲት ሹሩባዋ በላስቲክ ቆብ አልታጨቅ ያላት ሐበሻ ቁጢጥ ብላ፣ ፊቷን ነክራ፣ እሹሩሩ ስትል አረፋው በሁለት ጆሮዋ ሲንቦለቦል! ሦስት ሳምንት አንጎራጎርኩ። በአራተኛው ሳምንት እጄና እግሬ ተቀጠሩ።

የሮቤል ኪሮስን ነገር ታስታውሻለሽ? በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ መቶ ሜትር ዋኝቶ ዓለም የሳቀበትን የእኛን ልጅ። እኔም ፎቶውን አይቼ ስቄአለሁ፤ ለአንቺም ልኬልሽ ነበር። መቶውን ሜትር የጨረሰው በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 ነው። እኔ ዛሬ፣ ከሁለት ዓመት ተኩል ልፋት በኋላ፣ አንዷን መቶ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ከዋኘሁ እልል እላለሁ። ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

ገንዳ ግን ገንዳ ነው፤ ከታች ጥቁር መስመር አለ፤ ሲደክምሽ ጠርዙን ትይዣለሽ። ውድድሩ የሚጀመረው ከከተማው በስተደቡብ ላንገን የምትባል ከተማ አጠገብ ባለ ሐይቅ ነው። ጠጠር ሲወጣበት ውሃ የሞላ ጉድጓድ ነው፤ ውብ ነው፤ ከላይ ሲያዩት። ባለፈው ሳምንት ኒዮፕሪን የሚሉትን ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሼ ገባሁ። ልብሱ ደረትሽን አጥብቆ ይይዝሻል፤ እስክትለምጂው ድረስ ሰው ከኋላ ያቀፈሽ ይመስልሻል። ዐይኔን ስገልጥ አረንጓዴ ብቻ። እጄ አይታይም። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ሣር ይሁን ሌላ ነገር እግሬን ነካኝ፤ በቃ፣ እሹሩሩም ጠፋ፣ ትምህርቱም ጠፋ። በጀርባዬ ተገልብጬ ሰማይ ሰማይ እያየሁ “እማማ!” ብዬ ጮኽኩ። እናቴን አልነበረም የጠራሁት፤ የአንቺን እናት ነው። ከውሃ የሚያወጣ አርጩሜ የያዙት እርሳቸው ብቻ ነበሩና መሰለኝ።

አብራኝ የነበረችው የሥራ ባልደረባዬ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ከረጢቷን ወደ እኔ ገፋችልኝ፤ ያንን ታቅፌ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ እንደ አዞ ዐይኔን ብቻ ከውሃው በላይ እያወጣሁ፣ ዳር ያለውን ነጭ ቤት እያየሁ ተመለስኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሜ ገባሁ። አሁን የምፈራው ሙቀት ነው። የውሃው ሙቀት ከ24.5 ዲግሪ ካለፈ የጎማ ልብሱ ይከለከላል፤ እርሱ ደግሞ ያጠብቅሽ እንጂ ያንሳፍፍሻል። ሰው ሁሉ ፀሐይ እንድትወጣ ሲለምን እኔ ደመና እለምናለሁ።

ብስክሌቱን አላስረዝምብሽም፤ ረጅም የሚያደርገው ራሱ መንገዱ ነው። ወንበሩ የሚያሳምመው የት እንደሆነ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። የበሶውን ነገር ግን ስሚ። በብስክሌት ላይ በየሰዓቱ ስድሳ ግራም ያህል ኃይል ሰጪ ምግብ ካልበላሽ አራተኛው ሰዓት ላይ ሰውነትሽ እንደ ከሰል ይከስማል። እዚህ ሰው የሚመጠው ጄል ነው፤ በትንሽ ላስቲክ የታሸገ፣ ሙጫ የመሰለ ጣፋጭ ነገር። እኔ ለምን በሶ አይሆንም አልኩ። የአገሬ ሰው በሶ ቋጥሮ ስንት ተራራ አልወጣም? በማርና በጨው አሽቼ፣ ጭብጦ ጭብጦውን በወረቀት ጠቅልዬ የጀርባ ኪሴን ሞላሁ።

እስከ ሰባኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ንግሥት ነበርኩ። ባለ ጄሎቹን በትዝብት እያየሁ አለፍኩ። ችግሩ፣ እየበላሁ ውሃ መጠጣቱን ረሳሁ፤ ሲጠማኝ ደግሞ አንድ ጠርሙስ በአንዴ ጨለጥኩበት። በሶ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን እኔና አንቺ ካላወቅን ማን ያውቃል? ሆዴ ተነፋ። ባድ ፊልቤል የሚሉት ቦታ የልብ መስበሪያ የሚል ስም የወጣለት ዳገት አለ፤ በውድድሩ ቀን ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፎ እየጮኸ የሚያበረታታበት። በዚያ ቀን ማንም አልነበረም። በመጨረሻው ማርሽ፣ ከእግረኛ ብዙም ሳልፈጥን፣ እያጓራሁ ወጣሁ፤ ጫፉ ላይ ወርጄ አጥር ተደግፌ ተቀመጥኩ። ውሻ የሚያናፍሱ አዛውንት ቆመው አምቡላንስ ልጥራልሽ ወይ አሉኝ። “በሶ ነው” አልኳቸው፤ ምን እንደገባቸው እንጃ። አሁን እስከ ሁለተኛው ሰዓት በሶ፣ በየአሥር ደቂቃው ሁለት ጉንጭ ውሃ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ሁሉ ጄል ሆኗል ስምምነቱ።

ውድድሩ የሚውለው በሰኔ ጾም ነው። ደግነቱ ጄሉ የጾም ነው፤ የእንስሳ ነገር የለበትም። እሑድ ስለሆነ ሰዓት መጠበቅም የለም። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ “ጾሙስ ይቻላል፤ ሌላውን ግን ማን ግድ አለሽ?” አሉኝ።

ስለ ሩጫው ደግሞ፣ እዚህ ከኢትዮጵያ ነኝ ስል ሰው ሁሉ “አንቺማ በሩጫው ትይዣቸዋለሽ” ይለኛል። የደራርቱን የሲድኒ 10,000 ሜትር በጎረቤት ቴሌቪዥን ያየን ቀን ደጅ ወጥተን ስንሮጥ ማን ቀድሞ እንደተቀመጠ አንቺ ምስክሬ ነሽ። ከብስክሌት ወርደሽ ስትሮጪ ደግሞ እግርሽ የአንቺ አይመስልሽም፤ እንደ ተልኮ ሂያጅ ልጅ ጠርተሽው አይሰማሽም። በማይን ወንዝ ዳር ለዳር እየተመላለስኩ፣ እየሮጥኩም እየተራመድኩም፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ብዬ ይዤዋለሁ። ዋናውን፣ ብስክሌቱንና ልብስ መቀየሪያውን ስደምረው 14 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ግማሽ ሰዓት ትተርፈኛለች፤ ጎማ አንድ ጊዜ ከፈነዳ ሩቧ ሄደች።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልመለስ። ረጅም ብስክሌት ስድስት ሰባት ሰዓት ብቻሽን ያስቀምጥሻል። ሙዚቃ የለም፤ አደገኛ ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት ስለ ልጄ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ተራ ለውጥ አስባለሁ። ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ የምትመጪው አንቺ ነሽ። ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው እናት አጥባለሁ፣ ፀጉር አበጥራለሁ፣ አጎርሳለሁ። ለአንቺ እናት አንድ ስልክ አልደወልኩም። በመጋቢት አንድ ቀን በብርድ እየነዳሁ የሳምንቱን የልምምድ ሰዓት በቃሌ ደመርኩ፤ አሥራ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆነ። ከዚያ “ጊዜ አጥቼ ነው” ብዬ የጻፍኩልሽን አስታወስኩና ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ስልኩን አውጥቼ ስምሽን ከፈትኩ። ጣቴ ደንዝዞ ነበር፤ ብርዱ ነው ብዬ መልሼ ከተትኩት። ብርዱ አልነበረም።

አንድ ነገር እንድትነግሪኝ እፈልጋለሁ። ከዚህ ሱቅ የምገዛው በሶ ጠቁሮ የተቆላ ነው፤ ይመራል። እማማ ወደዚህ ስመጣ በነጭ ከረጢት ቋጥረው የሰጡኝ እንዲህ አልነበረም፤ አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይጣፍጥ ነበር። ከየትኛው ገብስ ነበር የሚያዘጋጁት? ከነጩ ነው ከጥቁሩ? ከመቁላታቸው በፊት ውሃ ያርከፈክፉበት ነበር ልበል? ምጣዱ ላይ ሲያገላብጡ አጠገባቸው ተቀምጠሽ የምትዘግኚው አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ሁልጊዜ የምደርሰው ከተፈጨ በኋላ ነው።

ቅዳሜ የመጨረሻውን ረጅም ብስክሌት እነዳለሁ። በእናንተ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ። ሳልታጠብ እደውልልሻለሁ። ካላነሣሽው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሜ እደውላለሁ።

አብሮ አደግሽ
ከፍራንክፈርት