ጉዳዩ፦ ድር ላይ አልቆም ስላለን «የተበጠረ» የጥጥ ክር

ለፈተላ ፋብሪካው የሽያጭና የጥራት ቁጥጥር ክፍል

ቁጥር 40 (የክሩ ቅጥነት መለኪያ) የተበጠረ የጥጥ ክር ብላችሁ የላካችሁልን ሎት ድር ላይ አልቆም ብሎናል። ማሽኑ ይነሳል፣ ትንሽ ይሸምናል፣ ክር ይበጠስና ይቆማል። ሸማኔዎቻችን ከመሸመን ይልቅ ቋጠሮ ሲቋጥሩ ይውላሉ።

ስልክ ስንደውል ከሽያጭ ክፍላችሁ ያገኘነው መልስ «የጥጡ ርዝመት 29 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሰርተፊኬቱን እዩት» የሚል ነበር። አየነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን የሚናገረው ስለ ግማሹ ብቻ ነው። በመለኪያው አሠራር ይህ 29፣ ፋይበሮቹ (የጥጡ ጭረቶች) በክብደት ለሁለት ሲከፈሉ የረጃጅሞቹ ግማሽ አማካይ ርዝመት ነው። የቀሩት ምን እንደሚመስሉ የሚያሳየው ሰርተፊኬቱ ላይ ቀጥሎ የተጻፈው የርዝመት ወጥነት ነው። እሱ 77 በመቶ ይላል። ዝቅተኛ ነው። 29ን በ0.77 ስታባዙት የሁሉም አማካይ ወደ 22 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ወጥነቱ 83 ቢሆን ኖሮ 24 ይገባ ነበር። ስልክ ላይ ይህ ቁጥር ለምን ተዘለለ?

ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ ግን መልሳችሁ አስገደደኝ። የጥጥ ክርን የሚያጠነክረው ፋይበሮቹ ሲከሩ እርስ በርስ መያያዛቸው ነው። ረጅሙን ጎረቤቶቹ በብዙ ቦታ ይይዙታል፣ ሲሳብ ሸክም ይችላል። አጭሩ ግን ሳይበጠስ ሾልኮ ይወጣል። ጣጣው ፈተላው ላይ ይጀምራል፦ በመሳቢያ ሮለሮች መካከል የሚይዘው ያጣ አጭር ፋይበር በዘፈቀደ ይንሳፈፍና ክሩ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። ድር የሚበጠሰው የሳሳው ላይ ነው።

የተበጠሱትን ጫፎች ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርገን ፈታናቸው። ጫፉ እንደ አሮጌ ብሩሽ ተንጨባሯል፤ ፋይበሩ ተንሸራቶ መውጣቱን ይህ ብቻ ይናገራል። ውስጡም ከ12.7 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ አጭር ፋይበር በዝቶበታል። ማበጠር ማለት ይህን ማስወገድ አልነበረም? የከፈልነውም ለዚሁ ነው። ጥጡ መዳመጫው (ፍሬው ከጥጡ የሚለይበት ማሽን) ላይ ከልክ በላይ ደርቆ ፋይበሩ ተሰባብሮ ከሆነ፣ እሱ የእናንተና የአቅራቢያችሁ ጉዳይ ነው።

ቴክኒሺያናችሁ «በሚቀጥለው ክረቱን (የክሩን መጠምዘዝ) እንጨምራለን» ብለዋል። እናመሰግናለን፣ ግን አይሆንም። ክረት እስከ ልኩ ያጠነክራል። ከልኩ ሲያልፍ ጥንካሬው ተመልሶ ይቀንሳል፣ ጨርቁም ይሻክራል።

ስለዚህ ያልተከፈቱትን ኮኖች (የክር ጥቅሎች) ወስዳችሁ በእርግጥ በተበጠረ ክር ተኩልን። የተከፈቱትን ለማግ እንጠቀምባቸዋለን፤ ማግ የድርን ያህል አይወጠርም። ዋጋቸው ግን ባልተበጠረ ክር ሂሳብ ይስተካከልልን። ከእንግዲህ በየሎቱ የርዝመት ወጥነቱና የአጭር ፋይበሩ መቶኛ በጽሑፍ ይምጣልን።

አንድ ኮንና የተበጠሱትን ጫፎች ከደብዳቤው ጋር ልከናል። ላቦራቶሪያችሁ ይያቸውና ውጤቱን በጽሑፍ አሳውቁን። እስከዚያው የቀረውን ክፍያ ይዘናል።

ከሰላምታ ጋር
የሽመና ክፍል ኃላፊ